አትንኩት፤ ይመለሳል

ለገሰ ከሞተ ወዲህ ጣሪያችን ላይ የሚወጡት ቁራዎች ብቻ ናቸው። ዲሹን ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ደፋር ደግሞ ሁልጊዜ ከሳህኑ ፊት በቆመችው፣ ኤልኤንቢ በሚሏት ጭንቅላት ላይ ይሰፍራል። ባሌ በሕይወት ቢኖር ነጠላ ጫማውን አውልቆ ይወረውርበት ነበር። የለገሰ ጫማ አንድም ቁራ መትቶ አያውቅም። በጅቡቲው ሰፈራችን በካርቲዬ ሁለት ግን ያላረፈበት ግቢ የለም፤ አቶን በፈረንሳይኛ ሙሴ የሚሉት ጎረቤቶች "የሙሴ ለገሰ ጫማ መጥታ ነበር" እያሉ ይመልሱልን ነበር።

የሞተው በሐምሌ ነው፤ ካምሲን የሚሉት አሸዋ ያዘለ ነፋስ ከተማውን በሚለበልብበት ጊዜ። ለቅሶው እንዳለፈ ሙክታር መጣ። ሙክታር የቤታችን ባለቤት የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው፤ እናትየው ስላረጁ አሁን ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። በዓይናችን ፊት ያደገ ሰው ነው። ወላጆቹ ከድሬዳዋ ስለሆኑ እንደ ድሬዎች ልማድ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ፣ አንቺ" ነው የሚለው፤ አክብሮቱ ያለው ድምፁ ውስጥ ነው።

"እትዬ አልማዝ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ላስቀምጥ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ። "ዲሾቹ ይነሳሉ። ዛሬ ሰዉ ሁሉ በስልኩ ነው የሚያየው።"

"የለገሰስ?"

ጢሙን አሻሸ።

"የእሱማ... እስካሳየ ድረስ ይቆይ። ማሳየት ያቆመ ቀን አነሳዋለሁ። ይሻላል?"

ይሻላል አልኩት። ዝገት ለበላው ሳህን ይህን ያህል መጨነቄ ለእኔም ያሳፍረኛል። ነገር ግን ያ ዲሽ አሁን ወደሚያይበት አቅጣጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያዞረው የለገሰ እጅ ነው፤ ብሎኑን ያጠበቀውም እሱ ነው። ሌላ ሰው አንዴ መፍቻ ካስገባበት ምስሉ ምናልባት ይገኝ ይሆናል፤ ያ የእጁ አቀማመጥ ግን ከዚያ ወዲያ አይገኝም።

ለገሰ የዲሽ ባለሙያ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እሱ ስለማይናገር ነው። ሥራው ወደብ ነበር፤ ትራንዚተር ነበር፤ ወደ አገር ቤት የሚገባ ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ከወረቀት ጋር ሲታገል ይውላል። ዲሽ ልክፍቱ ነበር። በጎረቤት ሠርግ ቢጠራ ከሙሽሮቹ በፊት የሚያየው የሠርግ ቤቱን ጣሪያ ነው። "ይሄ ሰውዬ ምን ሊያይ ነው እንዲህ ያዞረው?" ይለኛል፣ ወጡ እየቀዘቀዘበት።

"አንተን እንዳያይ ነው" እለዋለሁ።

የአገራችን ቴሌቪዥን በሳተላይት መታየት የጀመረ ጊዜ ግቢው ሁሉ ዲሽ ተከለ፤ ለገሰም ሹመት ያገኘ መሰለው። የአሠራር ደንብ ነበረን። እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳህኑን በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ያዞራል። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ "አለ! የለም! ትንሽ አለ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ድምፄ ጣሪያ ስለማይደርስ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ወንበር አስቀምጠው መሐል ይሆኑና ያቀብሉታል። ሲያቀብሉ ግን ከራሳቸው ይጨምሩበታል።

"የለም!" እላለሁ እኔ።

"የለም ትላለች! ደግሞ ምሳ ቀዝቅዟል ትላለች! ደግሞ ያንን ቁምጣ ለብሰህ ጣሪያ ላይ አትውጣ፣ ሴቶች ያልፋሉ!"

"እትዬ ዘይነባ፣ በአምላክ፣ ምስሉን ብቻ ይንገሩኝ!"

"ወላሂ፣ ምስሉስ ካንተ ቁምጣ ይሻላል!"

አንድ ጊዜ የእሳቸውን ዲሽ አስተካክሎ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ እጁን ታጥቦ ከወረደ በኋላ እትዬ ዘይነባ ለሳምንት በማይገባቸው ቋንቋ የግመል ሩጫ ሲያዩ ሰነበቱ። ለገሰ የጎረቤቲቱን ሳተላይት ነው የያዘው። "ከአጠገቧ ያለችው ናት፣ ቅርብ ነበርኩ" አለ፣ ሲወቀስ። "አይ፣ ተወው" አሉት እሳቸው፤ "ቀዩን ግመል ወድጄዋለሁ፤ እስኪያሸንፍ ልይ።"

እሱ ዝም ብሎ ቢያስተካክል ጥሩ ነበር። ችግሩ ማስረዳቱ ነው። እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን፣ "ለመሆኑ ያቺ ዕቃ በምን ተንጠልጥላ ነው የማትወድቀው?" ብለው ጠየቁት። ባይጠይቁት ይሻል ነበር። ለገሰ ከወጥ ቤቴ ድንች ይዞ ጣሪያ ወጣ።

"ልብ ብላችሁ እዩ። ትወድቃለች! ሁልጊዜ እየወደቀች ነው። ይሄን ድንች ቀስ ብዬ ብወረውረው ግቢ ውስጥ ይወድቃል። ጠንከር ባደርገው መንገዱ ላይ። ከዚያም ጠንከር ባደርገው ከተማው ዳር አምቡሊ ይደርሳል። ምድር ደግሞ ክብ ናት። በጣም፣ በጣም በኃይል ብወረውረው፣ ድንቹ ወደ ታች ሲወድቅ ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሻለች። እየወደቀ፣ መሬት ሳይነካ ይዞራል። ሳተላይት ማለት ይሄ ነው። ሮኬት ወርውሯት ሄደ፤ ላይ ደግሞ አየር ስለሌለ የሚያቆማት የለም።"

ከዚያ ወረወረው። ድንቹ አምቡሊ አልደረሰም። እትዬ ዘይነባ ነጭ ልብስ የዘፈዘፉበት ገበቴ ውስጥ ገባ።

"አሁን ገባኝ" አሉ ፊታቸውን እየጠረጉ። "የኛዋን ሳተላይት አንተ አልወረወርካትም። አልሐምዱሊላህ።"

የቴሌቪዥኗ ሳተላይት ለምን ከአንድ ቦታ እንደማትነቃነቅ ያስረዳኝ ደግሞ ሽንኩርት ሳቁላላ ነው። ከትከሻዬ ይዞ፣ ማማሰያው በእጄ እንዳለ በቀስታ ያዞረኝ ጀመር፤ እሱም ፊት ለፊቴ እየሄደ አብሮኝ ይዞራል።

"አንቺ ምድር ነሽ። በቀን አንድ ጊዜ ትዞሪያለሽ። እኔ ከምድር ወገብ በላይ፣ ሩቅ፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነኝ። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ነገር አንድ ዙር የሚጨርሰው ልክ በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ስትዞሪ እዞራለሁ። የቆምኩ ይመስልሻል እንጂ እየሮጥኩ ነው። ለዚህ ነው ዲሹን አንዴ ካስተካከልን የማንነካው። ሁልጊዜ ፊትሽ ነኝ።"

"ፊቴ መሆንህንማ መች አጣሁት። ከሽንኩርቱ ፊት ዞር በል፣ አረረ።"

አርሮ ነበር። በላነው። እሱማ ያረረውን ሽንኩርት ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የበላ ሰው ነው፣ ሰማዩን እያየ። ሳተላይቷን "እሷ" ነበር የሚላት። "እሷ ዛሬ ደህና ናት" ይላል፣ ዘመድ ጠይቆ እንደመጣ። እትዬ ዘይነባ "አልማዜ፣ ጣውንት መጣብሽ፤ ደግነቱ የምትኖረው ሰማይ ላይ ነው፣ ወጥ ቤት አትሻማሽም" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ዓርብ ማታ ማታ በራስ ዲካ ዳር ዳር ስንንሸራሸር፣ ሌላው ሰው ባሕሩን ሲያይ ባሌ ባዶ ሰማይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያመለክታል። "እዚያ ጋ ናት።" ምንም አይታይም። "የፀሐይ ሰሌዳዋን ዘርግታ፣ ከታች የተላከላትን እየተቀበለች፣ አጉልታ ትመልሳለች። እኛ ጋ ስትደርስ ድምጿ በጣም ደካማ ነው፤ ሳህኑ የተበተነውን ሰብስቦ ወደ ኤልኤንቢዋ ያመጣዋል።" መርከብ እያየሁ "እሺ" እላለሁ። "መርከቡም ያለሳተላይት የት እንዳለ አያውቅም" ይለኛል ወዲያው። ማምለጫ አልነበረም። አውሎ ነፋስ ከውቅያኖስ ሲነሳ ከላይ ፎቶ የሚያነሱ አሉ፤ ጀልባዎቹ ወደብ ተጠግተው የሚያድሩት ለዚህ ነው። አንድ መርከብ መስጠም ቢጀምር በራሷ ወደ ሰማይ የምትጮህ ዕቃ ተጭናበታለች፤ ጩኸቷን የሚሰማም ሳተላይት ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል።

ሥራው ላይም ደረሰችለት። ጭነት መኪናዎቹ የት እንዳሉ የምታሳይ ዕቃ የተገጠመላቸው ጊዜ ለገሰ ደስታው ወሰን አጣ። "እነዚህ ሌሎች ናቸው፤ ዝቅ ብለው የሚዞሩ፣ ብዙዎች። እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን ይናገራሉ። መኪናው ላይ ያለችው ዕቃ ድምፁ ምን ያህል እንደዘገየ አይታ ርቀቷን ታሰላለች። አራቱን ከሰማች ያለችበትን ታውቃለች።" አንድ ቀን ቤት ሆኖ መኪናዎቹን በኮምፒውተር እያየ ሳለ ሾፌር ስልክ ደወለ። ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

"ሙሴ ለገሰ፣ ይኸው ጋላፊ ደርሻለሁ፣ ድንበሩ ላይ ነኝ።"

"እንኳን ደረስክ! ጋላፊ እንዴት ናት?"

"ሙቀት ነው እንጂ ደህና ናት።"

"መኪናህ ግን ከአንተ ጋር አልሄደችም መሰለኝ። ገና ዲኪል ሻይ ቤቱ አጠገብ ቆማ ትጠብቅሃለች። ተመለስና ውሰዳት።"

ያ ሾፌር ከዚያ ወዲህ ቤታችን በመጣ ቁጥር፣ ገና ከደጅ፣ "እትዬ፣ ይኸው መጣሁ፤ እሱ ግን አስቀድሞ ያውቀዋል" ይለኝ ነበር።

ለገሰ በዕድሜው ሙሉ የተመኘውና ያላገኘው ግን አንድ ነገር ነበር። ተመልካች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስቀል ሰሞን፣ ፀሐይ ከሳተላይቷ ጀርባ በትክክል ታልፋለች። ፀሐይ ብርሃን ብቻ ሳይሆን የራዲዮ ጩኸትም አላት። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለትንሽ ጊዜ፣ ዲሹ ሳተላይቷንና ፀሐይን በአንድ አቅጣጫ ያያል፤ የሳተላይቷም ድምፅ ይዋጣል። "ሠርግ ቤት ከበሮ እየተመታ ከከበሮው ኋላ ሰው ሲያንሾካሹክልሽ በይው" ይል ነበር። ምስሉ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ባዶ። ፀሐይ አለፍ ስትል በራሱ ይመለሳል። እንቁላል ጠንክሮ እስኪቀቀል ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ጅቡቲ ላይ ደግሞ ይህ የሚሆነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ከተማውን የሚያውቅ ያ ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጫቱ የገባበት ሰዓት ነው። ቢሮ ተዘግቷል፣ ወንዱ ሁሉ እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ትራሱን አደላድሎ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቷል። ልክ ያን ጊዜ ምስሉ ጠፋ ማለት እሳት ተነሳ ማለት ነው። አንድ ዓመት በመስቀል ሰሞን ምስሉ ሲጠፋ የግቢው ወንዶች ሁሉ፣ ሙክታርን ጨምሮ፣ መፍቻ ይዘው ጣሪያ ላይ ነበሩ። ለገሰ ከታች ቆሞ እጁን አጣምሮ ይለምናል።

"አትንኩት! ይመለሳል! ፀሐይ ናት!"

"ፀሐይማ በየቀኑ አለች፣ አቦ!"

አዞሩት። ፀሐይ አለፈች፤ ምስሉ ተመለሰ፤ ሳህኖቹ ግን ዞረዋል። እስከ አመሻሽ ሲፈልጉ ዋሉ፤ ጫቱ ጠወለገ። ለገሰ ከዚያ በኋላ ለሳምንት መከራ ሆነብን። "አላልኳችሁም?" ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። "አላልኳችሁም?" ብሎ ደህና ዋሉ ይላል።

በሚቀጥለው ዓመት ቀኑን አስቀድሞ ነገራቸው። ባለፈው ዓመት በዚህ ዕለት ነው የጀመረው፣ ዘንድሮም ኑና ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ማንም አይነሳ አለ። መጡ። ቤታችን ሞላ። ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንት ሆነ። ምስሉ ጥርት እንዳለ ነበር። ሰዉ እየሳቀ ሄደ። "ሙሴ ለገሰ፣ ፀሐይዋ ቀጠሮ ረስታለች" አለ ሙክታር። በማግሥቱ፣ ቤታችን ባዶ ሆኖ፣ ምስሉ በሰዓቱ ጠፋ፤ ከላይም የመፍቻ ድምፅ ሰማን፤ ሁሉም ጣሪያ ላይ ነበሩ። ለገሰ ግድግዳው ላይ ካለው የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ፊት ቆሞ ራሱን ያዘ። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ ፀሐይ ግን ዓመቷን የምትጨርሰው ከዚያ ሩብ ቀን ያህል ዘግይታ ነው። ፀሐይ ጳጉሜን አታውቅም፤ እሱ ደግሞ ያችን ሩብ ረሳት፤ ሩቧም ሰባት ሰዓትን አሳልፋ ነገሩን ወደ ማግሥቱ ገፋችው። አንዲት ቀን።

"በሰማዩ አልተሳሳትኩም" አለኝ ተክዞ። "በመስከረም ነው የተሳሳትኩት።"

ከዚያ ወዲያ ቢጠራም የሚመጣ ጠፋ። እኔም እሱ ሳይሰማ እስቅ ነበር፤ አንዳንዴም እየሰማ።

ሲታመም እንኳ አልተወም። ከአልጋችን ወርዶ በር አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። "እያሳልኩ እንቅልፍ ነሳሁሽ" አለኝ። "ሳተላይትም ስታረጅ እንዲህ ናት። ቦታዋን የምትጠብቅበት ትንሽ ነዳጅ አላት። ሊያልቅ ሲል በመጨረሻው ጠብታ ከፍ ትልና ከመንገድ ትወጣለች። ቦታውን ለሌላ ትለቃለች። ባለጌ አይደለችም።"

"ያንተ ነዳጅ አላለቀም። ተነስና አልጋህ ላይ ተኛ።"

ተመለሰ። ለአንድ ጣሪያ የሚበቃ ነዳጅ ነበረው። ነፋሱ ዲሹን ሲያዛንፈው፣ እምቢ ብለን ስንይዘው፣ በየደረጃው እየተቀመጠ ወጣ። እኔ ውስጥ፣ እትዬ ዘይነባ ደጃፍ፣ እንደ ድሮው። የዚያን ቀን እትዬ ዘይነባ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩበትም። "አለ፣ ለገሰ" አሉ ብቻ። "አለ። ውረድልን።"

መስቀል መድረሱን ዘንድሮ ልብ አላልኩትም፤ ቀን መቁጠሪያውንም ከሐምሌ ወዲህ አልገለጥኩትም። ሙክታር ስለ ታንከሩ ልኬት ሊያወራ ከሠራተኞች ጋር መጥቶ ጣሪያው ላይ ነበር። ሲወርድ ውሃ ልስጠው ብዬ አስገባሁት። ቴሌቪዥኑ ለድምፁ ያህል ተከፍቷል። በዓይናችን ፊት ምስሉ ተቆራረጠ፣ ተሰባበረ፣ ጠፋ።

ሙክታር መፍቻው በእጁ ነው። አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያዘነ ነገር ነበር።

"እትዬ አልማዝ... ያው እንደተባባልነው ነው እንግዲህ። ሠራተኞቹም አሉ።"

ቁራው ይሆን? ሽቦው ዝጎ ይሆን? ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፤ ሰባት አልፏል። በመስኮት የጫት ሻጮቹ ጥሪ ይሰማል። በልቤ መስከረምን ቆጠርኩ።

ባሌ በብዙ ነገር ተሳስቶ ያውቃል። በግመሉ ተሳስቷል፣ በድንቹ ተሳስቷል፣ በጳጉሜ ተሳስቷል። በዚህም ከተሳሳተ ዲሹ ዛሬ ይወርዳል።

"ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

"አልበላሁም።"

"ተቀመጥ። እንቁላል ልቀቅልልህ። እንቁላሉ እስኪበስል ካልተመለሰ ውጣና አንሳው፤ አንዲት ቃል አልናገርም።"

"እትዬ፣ ይሄ ያ የፀሐዩ ነገር ነው?"

"አትንካው። ይመለሳል።"

ድምፄ የእሱን መምሰሉ እኔንም አስደነገጠኝ። የጅቡቲ ቧንቧ ውሃ በዚህ ሰሞን ለብ ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ ግን ከፍሪጅ የቀዘቀዘ ውሃ አውጥቼ ጣድኩ። እሳቱንም ቀነስኩት። ለገሰ እንዲህ ያለውን አሠራር አይቀበልም ነበር፤ ግን የዲሹ ባለቤት አሁን እኔ ነኝ።

ሙክታር ባዶውን ቴሌቪዥን፣ እኔ ድስቱን እናያለን። ውሃው ዝም አለ። ከዚያ ከሥሩ ትናንሽ አረፋ ተነሳ። ከዚያ እንቁላሉ ድስቱን ማንኳኳት ጀመረ፤ ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፤ ሙክታር መፍቻውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። "እትዬ፣ በስሏል መሰለኝ" አለ በቀስታ።

"ጠንካራ ነው የምትወደው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።"

ጀርባዬን ሰጥቼው ሳለሁ ከቴሌቪዥኑ አንድ ሰውዬ ስለ ምንጣፍ ዋጋ በዓረብኛ ጮኸ። ዘወር አልኩ። ቀይ ምንጣፍ፣ ጥርት ያለ። ሕይወቴን ሙሉ ምንጣፍ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አላየሁም።

ሙክታር ለረጅም ጊዜ ምንጣፉን አየ። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። እንቁላሉን ልጦ በላ።

"ነገም ይጠፋል?" አለኝ።

"ነገም። ከነገ ወዲያም። ከዚያ ይተዋል።"

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሙክታር ነው፤ ጫቱን በብብቱ ይዟል፤ ከኋላው የግቢው ወንዶች፣ ከእነሱም ኋላ እትዬ ዘይነባ፣ ልጃገረዶች ወንበራቸውን ይዘውላቸው። ቤቴ ከለቅሶው ወዲህ ያን ያህል ሰው አልያዘም። እትዬ ዘይነባ በሩ አጠገብ፣ ከድሮ ቦታቸው ብዙም ሳይርቁ፣ ተቀመጡ። "ማንም እንዳይነሳ!" አሉ።

ምስሉ ተሰባበረ። ጠፋ። ማንም አልተነሳም። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ባዶ ቴሌቪዥን እያየ ተቀመጠ፤ ጣሪያው ላይ የቁራዎቹ እግር ብቻ ይሰማል። ለገሰ ዕድሜውን ሙሉ የለመነው ይህችን ጉባኤ ነበር።

ምስሉ ሲመለስ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን፤ አንድ ሰው ገብቶ "አላልኳችሁም?" እስኪለን የምንጠብቅ ይመስል።